እርሻዬ አለመኖሩን ስላረጋገጡልኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሮስኮ ታልማጅ
የካውንቲው የካናቢስ ንግድ ፈቃድና የደህንነት ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ማኅተም የሚመታው ቀኝ እጅዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የኦተር ክሪክ ሸለቆ ሰዎች ቢሮዎ እኔን «በሕይወት የለችም» ብሎ እስከጻፈበት ቀን ድረስ ሁላችንም ደህና ነበርን። ከዚያ ወዲህም እኔ ካለመኖሬ በቀር ሌላው ሰላም ነው።

ስሜ ማርላ ኦስትራንደር ይባላል። ከባለቤቴ ከክላይድ ጋር በዚህ ሸለቆ ካናቢስ አበቅላለሁ። ሕጉ ከመፍቀዱ በፊት ምን እናበቅል እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ፣ ሸሪፉም ያውቃል፣ በላያችን ሲያንዣብብ የኖረው ሄሊኮፕተርም ያውቃል፤ ስለዚህ እሱን ማንሳት አያስፈልግም። ሕጉ በፈቀደ ጊዜ ግን ከሸለቆው ሰው ሁሉ ቀድሜ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ አብዳለች አሉ። ከኛ በላይ ተራራው ጫፍ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌው አቶ ኦርቪል ታከት ደግሞ ደጃፌ ድረስ መጥተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ደህና ተደብቀሽ ከኖርሽበት ወጥተሽ እዚህ ነኝ ትያቸዋለሽ? ምን አጣሽ?» ብለው ተቆጥተውኛል። እኔም በቢሮዎ ላይ ያለኝን እምነት ገለጽኩላቸው። ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ነገሩን ከመዘርዘሬ በፊት ዋናውን ጉዳይ ላስታውስዎ። ቢሮዎ በላከልኝ ማስጠንቀቂያ መሠረት አዝመራው ከመሰብሰቡ በፊት ፈቃድ ካላገኘሁ፣ ሠራተኞችዎ መጥተው ተክሉን ከነሥሩ ይቆርጡታል። እኔና ክላይድ ክረምቱን የምናልፈው በዚያ ማሳ ነው። ሌላ የለንም። ይህን የምለው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ ለምን እንዳልሳቅሁ እንዲገባዎ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መጀመሪያው ምርመራ።

መርማሪዋን ወይዘሪት ፔትራ ኖላስኮን ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ትሁት ሰው ናት፤ በዕድሜ ልጄ ስለምትሆን በአንቱታ ባልጽፋት አይቀየሙኝ። ችግሩ የመጣችበት መኪና ነው። ነጭ ፒክአፕ ነው፤ በሩ ላይ የመንግሥት ዓርማ አለበት።

በኛ ሸለቆ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ታችኛው መታጠፊያ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ ሎሬታ በእጅ ሬዲዮ «ላሟ ወለደች» ይላሉ። በቃ። የመንገድ ምልክቶች ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ውሾች ይፈታሉ፣ ወንዶች ጫካ ይገባሉ፣ የቀረነው ደግሞ ስለ አካባቢው ምንም የማናውቅ እንግዶች እንሆናለን። እኔ እርግጥ ነው፣ «ነገ የምትመጣው መርማሪ የኔ እንግዳ ናት፤ እባካችሁ!» ብዬ ቤት ለቤት ዞሬ ለምኜ ነበር። ሁሉም እሺ ብለውኛል። ነጩ መኪና ብቅ ሲል ግን ላሟ ወለደች።

ወይዘሪት ፔትራ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ የማርላ ኦስትራንደር እርሻ በየት በኩል ነው?» ብላ ወይዘሮ ሎሬታን ትጠይቃለች።

«ማርላ የምትባል እዚህ የለችም፣ የኔ ልጅ።»

«የፖስታ ሣጥኑ ላይ ስሟ ተጽፏል እኮ።»

«እሱ የድሮ ነው። ሞታለች።»

«እንዴ! ትናንት በስልክ አነጋግራኛለች!»

«እንግዲህ፣» ይላሉ ወይዘሮ ሎሬታ፣ «ድንገተኛ ነበር።»

ወይዘሪት ፔትራ ነፍስ ይማር ብላ፣ የዞሩትን ምልክቶች ተከትላ ስትወጣ ስትወጣ የደረሰችው አቶ ኦርቪል ግቢ ነው። እሳቸውም ውሃ ሰጥተዋት፣ ምንም እንደማያበቅሉ፣ ማርላ የምትባል እንደማያውቁ፣ ካናቢስ የሚባል ነገር ስሙንም ሰምተው እንደማያውቁ ነገሯት። እሷ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች፣ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ሄደች። እኔ ደጃፌ ላይ ፀጉሬን ተሠርቼ ቆሜ ነበር።

ከዚያም የቢሮዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። «አመልካቿ በሕይወት የሌሉ፣ እርሻውም በቦታው የማይገኝ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል፤ ቅሬታ ካለዎት በአካል ቀርበው ያመልክቱ» ይላል። የሞተ ሰው በአካል ቀርቦ እንዲያመልክት ዕድል የሚሰጥ መሥሪያ ቤት በዚህ አገር ከእርስዎ ቢሮ በቀር ያለ አይመስለኝም። ቀርቤም አመለከትኩ። ከመስኮቱ መስተዋት ጀርባ ያለው ሠራተኛዎ አንዴ እኔን አንዴ ደብዳቤውን አይቶ፣ «በሕይወት መኖርዎን ማን ሊመሰክርልዎት ይችላል?» አለኝ። «ሎሬታን እንዳትጠይቅ እንጂ ሌላው ሁሉ ይመሰክራል» አልኩት።

ሁለተኛ፤ ስለ ሁለተኛው ምርመራ።

በዚህኛው ጥፋቱን ማንም ላይ መላከክ ስለማልችል በአጭሩ ልለፈው ነበር፤ ነገር ግን ቢሮዎ በአጭሩ ስላላለፈው እኔም አላልፈውም። ያን ቀን አስፋልቱ ድረስ ወርጄ ወይዘሪት ፔትራን ራሴ ተቀበልኳት። ማንም አላሳሳታትም። በሩን ራሴ ከፈትኩ። ክላይድ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ ማሳው ዳር ቆሟል። ዓርማው ያለበትን በር እንዳየ ግን ሰላምታ ሊሰጥ የዘረጋውን እጁን ሳይሰበስብ ወደ ጫካ ፈረጠጠ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ወይዘሪት ፔትራ።

«ስፖርት ይወዳል» አልኳት።

ቀጥላ ከጭንቅላታችን በላይ ወደቆመው ተክል ቀና ብላ አየችና፣ «እና ይሄ ነው?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ ግን የመንግሥት ዓርማ ሲያይ የሚለው ነገር ሌላ ነው።

«ቲማቲም ነው» አልኩ።

«ቲማቲም?»

«ዘንድሮ ቅጠል በዝቶበታል።»

ልጅቷ ብዕሯን ዝቅ አደረገች። «ወይዘሮ ማርላ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ካናቢስ መሆኑን ላረጋግጥ እኮ ነው የመጣሁት። ካናቢስ ነው ይበሉኝና እንጨርስ።»

ልላት ፈልጌ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ «የኔ አይደለም፤ ጎረቤት ነው አደራ ያስቀመጠው» የሚል ነው። በዚህ መሐል ክላይድ ከጫካው ውስጥ፣ «ማርላ! ሄደች?» ብሎ ተጣራ።

ቢሮዎ በሰጠው ውሳኔ፣ ተክሉ ቲማቲም፣ ባለቤቱም ጎረቤት መሆኑ ከአመልካቿ ከራሷ አንደበት በመረጋገጡና ቢሮው በቲማቲም ላይ ሥልጣን ስለሌለው ማመልከቻዬን ዘግቶታል። ወረድ ብሎ ደግሞ ካናቢሱ በተባለው ቀን እንደሚቆረጥ ተጽፏል። ቲማቲሜን ፈቃድ ለመንፈግ፣ ካናቢሴን ደግሞ ለመቁረጥ በአንድ ገጽ መቻል ቀላል ችሎታ ስላልሆነ ጸሐፊዎን በማዕረግ እንዲያሳድጓቸው እለምናለሁ።

ሦስተኛ፤ ከውሳኔው ጋር ስለተያያዙት የደህንነት ጉድለቶች።

ተክሉ ለመርማሪዋ ታይቷል፣ ይህም ጉድለት ነው። ሽታው ለመርማሪዋ ሸትቷል፣ ይህም ጉድለት ነው። ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ በግልጽ ምልክት በመታወቁ ሌባ ሊጋብዝ ይችላል። አንድ ወንድ ሠራተኛ ያለ ደህንነት ጫማ ሲሮጥ ታይቷል። የማድረቂያ ቤቱን በር በተመለከተ የጥበቃ ባለሙያዎ ሁልጊዜ እንዲቆለፍ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይቆለፍ አዘውናል፤ ሁለቱም ፈርመዋል። ክላይድ ብዙ አስቦ በሩን ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል፤ አሁን ሲቆለፍም ሰው ያስወጣል። ስለ ምክራችሁ እናመሰግናለን።

አራተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አቶ ኦርቪል አንድ ወረቀት በእንጨት ጫፍ ሰክተው፣ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው መጡ።

«አንቺ ማርላ፣» አሉኝ፣ «ምን ክፉ አደረግሁሽ?»

«ምን ሆኑ ጋሼ ኦርቪል?»

«ፈቃድ ሰጡኝ!»

እባብ ነደፈኝ የሚል ሰው በዚህ ድምፅ ነው የሚናገረው። ወረቀቱን ከእንጨቱ ላይ አውርጄ አነበብኩት። እውነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ወይዘሪት ፔትራ ስለ ሞቴ የጻፈችው ወደ አንዱ ጠረጴዛ፣ ስለ አቶ ኦርቪል ግቢ የጻፈችው ደግሞ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄዷል። ያኛው ጠረጴዛ ማመልከቻዬን ሲዘጋ ይኸኛው ግቢውን በማመልከቻዬ ቁጥር መዝኖ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶታል። ተክሉ ከየትም አቅጣጫ አይታይም። ምንም ሽታ የለም። ምንም ምልክት አልተለጠፈም። ሕፃናት ሊደርሱበት አይችሉም፤ አዋቂም ሊደርስበት አልቻለም። ባለቤቱ ለማያውቁት ሰው ስለ ምርቱ አንዳች ነገር አይናገሩም። «ለካውንቲው አርአያ የሚሆን» የሚል ቃልም አለበት።

ክቡር ሆይ፣ ያኔ ነው ደንብዎ የገባኝ። ሄሊኮፕተሩ ሠላሳ ዓመት ሊያስተምረን ሲደክም የኖረውን ነገር እናንተ በመጽሐፍ ጽፋችሁታል። እኔ ሞኝ ሆኜ ለመመርመር መታየት ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ።

ቅን ዜጎች ስለሆንን አቶ ኦርቪልን ይዤ ወረቀቱን ልንመልስ ወደ ቢሮዎ መጣን። አቶ ኦርቪል ከተማ ከወረዱ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ መኪናው ውስጥ ከወንበሩ በታች ተቀምጠው ነው የመጡት። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛዎ፣ «ፈቃድ እንዲሁ አይመለስም አባባ» አላቸው።

«ለምን?»

«ካናቢስ እንደሌለዎት በምርመራ መረጋገጥ አለበት።»

«የለኝማ! ለሴትዮዋ ነግሬያታለሁ!»

«ልክ ነው፣ ነግረዋታል» አለ ፋይሉን አገላብጦ። «በምስጢር አጠባበቅ ሙሉ ነጥብ ያገኙት በዚሁ ነው።»

አምስተኛ፤ ካናቢስ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ስለተደረገው ምርመራ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የመልካም ሥነ ምግባር ነው። ጎረቤቶቼ እኔን በመግደላቸው አፍረው ነበር። እኔም ጥሩ አድርጌ ሰድቤያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ የመንግሥት እንግዳ ሲመጣ በሩን የማይከፍት ሰው ጎረቤቴ አይደለም ብዬ ነበር። ስለዚህ ወይዘሪት ፔትራ አቶ ኦርቪል ምንም እንደሌላቸው ልታረጋግጥ በመጣች ቀን፣ ወይዘሮ ሎሬታ በሬዲዮው፣ «ልጅቷ መጥታለች፣ ሁላችሁም ውጡ!» አሉ። የመንገድ ምልክቶች ቀጥ ብለው ቆሙ። ውሾች ታሰሩ። የፖም ኬክ ተጋገረ። ሰዉ ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ እጁን እያውለበለበ ልጅቷን እስከ አቶ ኦርቪል ግቢ አጀባት፤ እዚያም አላበቃም፤ ከግቢው አልፎ፣ ከጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ ለውስጥ፣ እኔ ራሴ ረግጬው ወደማላውቀው ገላጣ ቦታ አደረሳት።

አቶ ኦርቪል ከኋላ እየተከተሉ፣ «ሎሬታ! ዝም በይ! ሎሬታ!» ይላሉ።

«አይዞህ ኦርቪል፣» ይላሉ ወይዘሮ ሎሬታ፣ የልጅቷን እጅ እንደያዙ። «ጊዜው የግልጽነት ነው። ያኛውን ረድፍ አይተሽዋል የኔ ልጅ? እሱ ከሁሉ የሚበልጠው ነው።»

ወይዘሪት ፔትራ ብዙ ጊዜ ቆማ አየች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ የሚያምር ማሳ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ከዚያም ሌላ መጻፍ ስለማትችል ፈቃዱን አጸናችው። አቶ ኦርቪል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ያዙ። የሸለቆው የመጀመሪያ ሕጋዊ አምራች ሆነው ሲውሉ ማንም እንኳን ደስ አለዎት ለማለት አልደፈረም።

ስድስተኛ አለኝ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ስድስተኛው ግን ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ሆኖ ተገኘ።

ሠራተኞችዎ ማሳዬን ሊቆርጡ የቀራቸው ጊዜ ከሳምንት በታች ነበር። ክላይድ ማጭዱን ስሎ፣ «ከሚቆርጡብን ሳይደርስም ቢሆን እኛው እንሰብስበው» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ቢሮዎ ያሳተመውን ደንብ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው እንደሌለ ከገጾቹ መጣበቅ ያስታውቃል። እዚያ ውስጥ፣ ባለፈቃዱ የተከራየውን መሬት ወደ አጥሩ ማስገባት እንደሚችል፣ በአጥሩ ውስጥ ያለ ተክል ሁሉ የባለፈቃዱ ሆኖ እንደሚቆጠር፣ ለዚህም ለቢሮው በፖስታ ማሳወቅ ብቻ በቂ እንደሆነ የሚል አንቀጽ አለ። ይህን አንቀጽ የጻፈ ሰው አሁንም በሥራ ላይ ካለ ሳልስመው ጡረታ እንዳይወጣ።

ወደ አቶ ኦርቪል ሄጄ ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «እኔ ሰው ሳያየኝ ኖሬ ሰው ሳያየኝ መሞት ነበር የምፈልገው።»

«አውቃለሁ ጋሼ ኦርቪል። ግን ማክሰኞ ይቆርጡታል።»

ያረጀ አጥራቸውን በእጃቸው ነቅነቅ አደረጉት። ከዚያ፣ «ስንት ምሰሶ አለሽ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ደቦ ወጣን። ሰዉ ምሰሶውን፣ ሽቦውን፣ አሮጌ በሩን፣ አንዱማ የተሰበረች ጀልባውን ግማሽ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ያሰብነው ከአቶ ኦርቪል ግቢ እስከኔ ማሳ ነበር። መሐል ላይ ያለው ሰው ግን፣ «በኔ በር እያለፋችሁ እኔን ውጪ ልትተዉኝ ነው?» አለ። የሱ ጎረቤትም እንደዚያው አለ። ወይዘሮ ሎሬታ ደግሞ ከታችኛው መታጠፊያ በሬዲዮ ይሳደቡ ነበር። ሰኞ ማታ አጥሩ ተዘግቶ ሲያልቅ ሸለቆው በሙሉ ውስጥ ነው። መሬታችንንም ለአቶ ኦርቪል አከራይተን፣ ደንቡ እንደሚለው ለቢሮዎ በፖስታ አሳውቀናል። ማንም ከዚያ በፊት ምንም እንደማያበቅል ስለሚታወቅ፣ በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ተክል ከየት እንዳመጣነው ሊገርምዎ ይችላል። አፈሩ ጥሩ ነው።

ማክሰኞ ቆራጮቹ በነጭ መኪና መጡ። አቶ ኦርቪል በሩ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ብቻዎን ይቁሙ ያልናቸው እኛ አይደለንም፣ የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ከኛ ማንም ጫካ አልገባም፤ ክላይድ ብቻ አንድ ዛፍ ይዞ ቆሞ ነበር።

«የማርላ ኦስትራንደርን ተክል ቁረጡ ተብለን ነው» አለ አለቃቸው።

አቶ ኦርቪል የመኪናውን ዓርማ ተመለከቱ። ፈቃዱን አውጥተው ዘረጉለት።

«ጋንጃ ነው፣» አሉ። «ከዚህ እስከዚያ ተራራ ድረስ ያለው ሁሉ ጋንጃ ነው። የኔ ነው።»

ሰውየው አነበበ፣ አጥሩን በዓይኑ ተከትሎ እስከቻለው ድረስ አየ፣ ባርኔጣውን አስተካከለና ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ። ወይዘሮ ሎሬታ መኪናውን እየተከተሉ ኬክ በመስኮት ሰጧቸው። እኔ እስካሁን ያላለቀስኩበት ምክንያት ሥራ ስለበዛብኝ ነው። ዛሬ ማጨድ ጀምረናል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻዬን በአክብሮት አንስቻለሁ። በጥያቄዬ ያደከምኳቸውን ሁለቱንም ጠረጴዛዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቢሮዎ ያየውን እየከለከለ፣ ያላየውን እየፈቀደ ለብዙ ዘመን እንዲኖር፣ ማኅተምዎም እንዳይደርቅ ምኞቴ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በቢሮዎ መዝገብ የሞትኩ፣ በአቶ ኦርቪል ታከት አጥር ውስጥ ግን ሠራተኛ ሆኜ በሕጋዊ መንገድ የምኖር፣ የዘወትር ታዛዥዎ፣

ማርላ ኦስትራንደር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አጥሩን ወንዙን ተከትለን ስንዘረጋ፣ ቅዳሜና እሑድ ዓሣ የሚያጠምዱባት ጎጆዎ አጥሩ ውስጥ መግባቷን ያየነው ካለቀ በኋላ ነው። በራስዎ ደንብ መሠረት ከእንግዲህ ሲመጡ በር ላይ መታወቂያ ያሳያሉ፣ አንገትዎ ላይ የእንግዳ ባጅ ያንጠለጥላሉ፣ የባለፈቃዱ ተወካይም ከአጠገብዎ አይለይም። ለዚህ ሥራ ወይዘሮ ሎሬታ ተመድበውልዎታል፤ ዝም ብለው መቀመጥ አይችሉም። የልጅ ልጆችዎ ሃያ አንድ ዓመት ስላልሞላቸው አይገቡም። በዚህ ቅሬታ ካለዎት ለቢሮው ኃላፊ ይጻፉ፤ እኔ እንደሞከርኩት ግን ሰውየው አይመልሱም።